ጎረቤቶቿ ያዋሷት ባዶ ማድጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ኑሮው በከበደ ቁጥር ከብዙ ምእመናን አንደበት የሚሰማ ንግግር አለ፤ «ለራሴስ መቼ በቃኝና ለሰው እተርፋለሁ?» ይህ የንፉግ ንግግር አይደለም። በከተማችን በሐዋሳ ደመወዙ በቤት ኪራይና በጤፍ የሚያልቅበት ሰው እውነቱን ነው የሚናገረው። ለዚህ ሰው በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 4 ከቁጥር 1 እስከ 7 የተጻፈው የአንዲት መበለት ታሪክ የሚነግረው ነገር አለ።

ባሏ ከነቢያት ልጆች አንዱ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር። እርሱ ሞተ፤ ዕዳው ግን ቀረ። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት ሲመጣ ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩም በቤቷ ምን እንዳለ ጠየቃት፤ ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ከዚያ ያዘዛት ነገር ያስገርማል፤ ወደ ጎረቤቶቿ ሁሉ ሄዳ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ፣ ቁጥሩንም እንዳታሳንስ ነገራት።

በዚህ ክፍል ስንማማር ብዙ ጊዜ የምናነሣው የዘይቱን መብዛት ነው፤ ይገባልም። እኔን ዛሬ የያዘኝ ግን የጎረቤቶቹ ነገር ነው። ስማቸው አልተጻፈም። ዕዳዋን አልከፈሉላትም። የሰጧት ባዶ ዕቃ ነው፤ ያውም በውሰት። ሆኖም ልጇን ሌላ ማድጋ እንዲያመጣላት ስትጠይቀው «ሌላ የለም» ባላት ጊዜ ዘይቱ ቆመ። የእግዚአብሔር ቸርነት አልቆ አይደለም፤ በረከቱ የወረደው ጎረቤት ባዋሰው ዕቃ ልክ ስለ ነበረ ነው። ከእነዚያ ሰዎች አንዷ «ባዶ ማድጋ ምን ይረባታል?» ብላ ብትመልሳት ኖሮ አንድ ማድጋ ሙሉ ዘይት ከዚያች ቤት ይጎድል ነበር!

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሐዘን በገባበት ቤት ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ድስት ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ጎረቤት እንጀራውን ይዞ ይመጣል። ይህን የመሰለ ደግነት እያለን አንድ ነገር ያሳዝነኛል፤ ለሞተ እንዲህ የምንሮጥ ሰዎች በሕይወት እያለ ለተቸገረው ስንደርስ እንዘገያለን።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በከተማችን አንዲት ክፍል ለብዙ ተከራይተው ይኖራሉ። በ2014 ዓ.ም. ሀገራችን ወደ አሜሪካ ዕቃ ከሚያስገባው ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ከእነርሱ መካከል ሥራ ያጡ ነበሩ፤ ዛሬም ሥራ ያጣች እኅት በአጠገባችን ግቢ ልትኖር ትችላለች። ኪራይዋን ልንከፍልላት ላንችል እንችላለን። እንጀራ የምትጋግርበት ምጣድ ማዋስ፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ የሥራ ማስታወቂያ አይቶ ወደ እርሷ መሄድ ግን ይቻለናል። አከራይ ከሆንን ደግሞ ኪራዩን ጥቂት ቀናት መታገሥ እንችላለን።

ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ ስትሄዱ ደግሞ አስታማሚዎቹን ተመልከቱ። ከበንሳ፣ ከሁላ፣ ከአርቤጎና ሕመምተኛ ይዘው የመጡ፣ አማርኛ የማይሰሙ እናቶች ማዘዣ ወረቀት በእጃቸው ይዘው ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ ይቆማሉ። ሲዳምኛ የምትናገሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንደበታችሁ ለእነዚህ እናቶች መድኃኒት ቤቱን የሚያገኙበት መንገድ ነው። ቋንቋውን የማይችል ሰው ከሕመምተኛው አጠገብ ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ አስታማሚዋ ፊቷን ታጥባ፣ ትንሽ ጋደም ብላ እንድትመለስ ያደርጋል። ሌሊቱን ሙሉ በሕመምተኛ አጠገብ ያደረ ሰው የዚያችን ሰዓት ዋጋ ያውቃል።

ይህን ስል ግን አንድ ነገር እፈራለሁ። ዘይት ያለው ሰው ባዶ ማድጋ አውሶ እንዲገላገል አይደለም ይህ የተነገረው። ገንዘብ ያለው በገንዘቡ ይርዳ። ለተራበው «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ለሰውነቱ የሚያስፈልገውን አለመስጠት ምን ይጠቅማል ብሎ ሐዋርያው ያዕቆብ አስቀድሞ ጠይቆናል (2፥15-16)።

ኤልሳዕ መበለቲቱን በሯን ዘግታ ዘይቱን እንድትገለብጥ አዟታል። ጎረቤቶቿም ምክንያቷን እንደ መረመሩ አልተጻፈም። እኛ ዛሬ አንድ ሊትር ዘይት ሰጥተን የተቀባዩን ፊት ፎቶግራፍ አንሥተን እናሰራጫለን። ልጆቹ ነገ ያንን ምስል ያዩታል። ጌታችን «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» ያለው የሰጪውን ዋጋ ብቻ አይጠብቅም፤ የተቀባዩን ክብርም ይጠብቃል።

በሆስፒታል በማስተርጐም ወይም አስታማሚ በማሳረፍ ለማገልገል የምትፈልጉ፣ በየአጥቢያችሁ ላለው ሰንበት ትምህርት ቤት ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ተናገሩ፤ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ተራ ብትይዙ ሥራው አይከብድም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።