ሮዝ ሙዝን ከዘር ማብቀል

የምንበላው ሙዝ የሚበቅል ዘር የለውም። መሐሉ ላይ የምናያቸው ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ዘር ሳይሆኑ የቀሩ ናቸው። ስለዚህ ገበሬው ከሥሩ የሚወጣውን ቡቃያ ነቅሎ ይተክላል። ለውበት የሚተከሉት ብዙዎቹ የሙዝ ዓይነቶች ግን ፍሬያቸው በዘር የታጨቀ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ሮዝ ሙዝ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሙሳ ቬሉቲና የሚባለው ነው። አገሩ ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ አሳምና አካባቢው ነው። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ስለሆነ ለጠባብ ግቢም ይመቻል። አበባው እንደ ተራ ሙዝ ወደ ታች አይንጠለጠልም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጥሎ ለስላሳ ጠጉር የለበሱ ሮዝ ፍሬዎች ይወጣሉ። ሲበስሉ ልጣጫቸው ራሱ ተሰንጥቆ ይከፈታል። ይህን ማየት ብቻውን ለመትከል በቂ ምክንያት ነው! ሥጋቸው ይጣፍጣል፤ ዘሩ ግን ጥርስ ይሰብራል።

ትግሉ ያለው ከዘሩ ጋር ነው። ዘሩ እንደ ቁንዶ በርበሬ ጥቁርና ደረቅ ነው፤ ውኃ ቶሎ አያስገባም። መጀመሪያ ከሥጋው በደንብ ይታጠባል። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይዘፈዘፋል፤ ውኃውም ይቀየራል። አንዳንዶች ልጣጩን በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይፍቁታል። ዘሩ በአንድ ጫፉ ትንሽ ክዳን አለችው፤ ቡቃያው የሚወጣው እሷን ገፍቶ ስለሆነ ያቺ ቦታ አትነካም።

አሸዋ በተቀላቀለበት ብስባሽ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል። አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ፤ ውኃ ከበዛ ዘሩ ይበሰብሳል። ከሁሉም በላይ ወሳኙ ሙቀት ነው። ቀን ወደ 30 ዲግሪ ከፍ፣ ሌሊት ወደ 20 ዝቅ ሲል የሙዝ ዘር ይነቃል። እንደ አዲስ አበባ ሌሊቱ በሚበርድበት ከተማ ማሰሮውን በላስቲክ ሸፍኖ ቤት ውስጥ ሙቅ ቦታ ማኖር ይሻላል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዱ ዘር በጥቂት ሳምንት ብቅ ሲል፣ አብሮት የተዘራው ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አልበቀለም ብሎ አፈሩን መድፋት ትልቅ ጥፋት ነው። ትኩስ ዘር ቆይቶ ከደረቀው ይሻላል፤ ስለዚህ ሲገዙ መቼ እንደተለቀመ መጠየቅ ያዋጣል።

የቅርብ ዘመዱ እንሰት በአውሮፓ የአትክልት ስፍራዎች ለቅጠሉ ውበት ይተከላል፤ ዘሩም ይሸጣል። በደቡብ ኢትዮጵያ ግን ገበሬው በአብዛኛው የሚያባዛው ከዘር ሳይሆን፣ ሥሩ ላይ ያለውን ሐምቾ የሚባል ወፍራም ክፍል ቆርጦ ቀብሮ ከሚያስወጣው ቡቃያ ነው።

ሮዝ ሙዝ ሙቀት፣ ውኃና ለም አፈር ካገኘ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ያብባል። ያበበው ግንድ ፍሬውን ካደረሰ በኋላ ይሞታል፤ ከሥሩ የወጡት ቡቃያዎች ግን ይተኩታል። ዘር የሚያስፈልገው እንግዲህ ለመጀመሪያው ተክል ብቻ ነው። ኮስታ ሪካ ውስጥ ከግቢ አምልጦ ጫካ ገብቷል። ስለዚህ ሞቃትና ዝናባማ አካባቢ ያለ ሰው ዘሩ እንዳይዛመት ፍሬው ከመከፈቱ በፊት ቢለቅመው ይመረጣል።