ባዶ እጅህን መጣህ? ስለ ትራውት ማጥመድ ጎንደር ላይ የሰማኋቸው ስህተቶች

ከባሌ ተመልሼ ፒያሳ ቡና ላይ ስቀመጥ የተቀበለኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ያን ሁሉ መንገድ ሄደህ ባዶ እጅህን መጣህ?» አዎ፣ ባዶ እጄን። ዲንሾ አካባቢ ዌብ ወንዝ ላይ ከአንድ ወጣት አስጎብኚ ጋር ሙሉ ቀን ትራውት የሚባለውን ዓሣ ሳጠምድ ውያለሁ። አጠማመዱን ፍላይ ፊሺንግ ይሉታል። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ስለዚህ ነገር የሚሉትን ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ።

«በእውነተኛ ዝንብ ነው የሚጠመደው»

ስሙ ነው ያሳሳታቸው። «ፍላይ» ዝንብ ማለት ቢሆንም፣ ነገርየው መንጠቆ ላይ የተጠቀለለ ክርና የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። ልጁ መጀመሪያ የሰጠኝ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ያነሰ ነበር። ደግሞ ሁልጊዜ የሚበር ነገር አይመስልም። ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ውሃው ውስጥ ነው። ልጁ አንድ ድንጋይ ከወንዙ አንስቶ ገለበጠልኝ። ከስሩ ሦስት ጭራ ያላት ሚጢጢ እጭ ተለጥፋለች። ቀጥሎ የራሱን ሳጥን ከፈተና ቁርጥ እሷን የምትመስል አወጣ።

«ጅራፍ ማጮህ የሚችል ይችለዋል»

እኔም እንዲህ ብዬ ነው የሄድኩት። ለቡሄ ጅራፍ እያጮህኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ውርወራዬ «ጧ!» አለች። ደስ አለኝ። ልጁ ግን ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «ጋሼ፣ ድምፅ ከሰሙ ዝንቧ የለችም» አለኝ። ክሩን ስቤ አየሁ። እውነትም ተበጥሳ ሄዳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው ማጥመጃ ጫፍ ላይ ያለው ክብደት ክሩን እየጎተተ ይሄዳል። እዚህ ግን ዝንቧ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። የሚከብደው ክሩ ራሱ ነው፤ ዝንቧን ይዟት የሚሄደውም እሱ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ትወረውራለህ፣ ክሩ ከጀርባህ እስኪዘረጋ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ዘንጉ የሚመላለሰው በሰዓት ፊት ላይ በ10 እና በ2 ቁጥር መካከል ብቻ ነው። ከቸኮልክ ዝንቧ ትበጠሳለች፣ ከዘገየህ ክሩ ሳር ላይ ይወድቃል። ያቺ ጥበቃ ናት ላብ በላብ ያደረገችኝ።

አሁን አዘዞ ሜዳ ላይ ያለ መንጠቆ እለማመዳለሁ። ባለፈው አንድ እረኛ ልጅ ዘንጉን ተቀብሎኝ በሦስተኛው ሙከራ አስተካከለው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መናገር አልፈልግም።

«አስጎብኚ ማለት ዕቃ ተሸካሚ ነው»

ልጁ እስከ ረፋድ ድረስ ዓሣ ላይ እንድወረውር እንኳ አልፈቀደልኝም። ውሃ እንዳይ ነው ያደረገኝ። ትራውት ወራጁን ፊት ለፊት ተጋፍጦ ነው የሚቆመው፤ ምግቡ እየተንሳፈፈ ወደ አፉ ይመጣለታል። ስለዚህ ከበስተኋላው፣ ከታች በኩል ነው የሚቀርቡት። ጉልበቱን የሚቆጥብበት ቦታ ይወዳል፦ ድንጋይ ጀርባ፣ ፈጣኑ ውሃ ቀስ ብሎ ከሚሄደው የሚገናኝበት መስመር ላይ። አንድ ጊዜ ረስቼ ቀና አልኩ። ጥላዬ ውሃው ላይ እንዳረፈ አንድ ጥቁር ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ልጁ ምንም አላለም። ጥላዬን ብቻ በአገጩ አሳየኝ።

«ይዞ መልቀቅ እብደት ነው»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያዝኩ። አንድ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው፤ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር አለው። ልጁ እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ እንድይዘው ነገረኝ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፋል። መንጠቆው ወደ ኋላ የሚይዝ ጥርስ ስለሌለው በቀላሉ ወጣ። ወራጁ ውስጥ ያዝ አደረግኩት፣ ጭራውን አወራጨና ሄደ።

እናቴ ስትሰማ «ዓሣውን ለቀህ ነው እዚህ ሽሮ የምትበላው?» አለችኝ። እውነት ለመናገር ብበላውም አገር አይጎዳም ነበር። ትራውት የባሌ ተወላጅ አይደለም፤ ከኬንያ ነው የመጣው። የለቀቅኩት ነገ ሌላ ሰው እንዲያገኘው ነው።

«ጣናም ውስጥ አይጠፋም»

ይጠፋል። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል። ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣና 1,800 ገደማ ነው።

ግን ጣና የራሱ ጉድ አለው። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተመራማሪዎች ወደ 15 ዝርያ ለይተውበታል። አብዛኞቹ ሌላ ቦታ የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ ለብቻቸው ቀርተዋል። ግማሽ ያህሉ ደግሞ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። እንዲህ ያለ አዳኝ፣ ትንሽ ዓሣ የምትመስል ዝንብ ቢያሳድድ አይገርመኝም።

በክረምት ግን አልሞክረውም። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ ነው ቁጥራቸውን ክፉኛ የጎዳው። ጎርጎራ ለኅዳር ተቀጣጥረናል። «ባዶ እጅህን መጣህ» ያለኝ ሰውዬ ዘንጉን መጀመሪያ እኔ ነኝ የምይዘው እያለ ነው።