የአረጋውያን መንከባከቢያ ቃለ መጠይቅ፦ የሚባለውና እውነታው

በአሜሪካ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ባሉ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች፣ በረዳት ነርስነት የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ የሚሄድ አዲስ ሰው መካሪ አያጣም፤ ምክሩ ግን ሁልጊዜ አይረባም።

«ሁሉን እችላለሁ በል።» ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ጠያቂዋ አብዛኛውን ጊዜ የነርሶች ኃላፊ ናት። «አንዲት አረጋዊት ገላዬን አልታጠብም ቢሉህስ?» ትላለች። «እንደምንም ብዬ አጥባቸዋለሁ» የሚለው መልስ ለተናጋሪው ትጋት ነው፤ ለእርሷ ግን ነገ የሚመጣ ክስ ነው። አረጋዊቷ እምቢ የማለት መብት በሕግ አላቸው። ስለዚህ አለማስገደድ፣ ምክንያቱን መጠየቅ፣ ቆይቶ ተመልሶ መሞከር፣ አሁንም እምቢ ካሉ ለተረኛዋ ነርስ ነግሮ መመዝገብ ነው። ብርድ ፈርተው፣ ወይም ወንድ እንዲያጥባቸው አፍረው ሊሆን ይችላል።

ወድቀው ቢገኙስ? እኛ የወደቀ ሰው ስናይ ሮጠን ብብቱን ይዘን ማንሳት ይቀናናል። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከሆነ ግን ደግነታችን ጉዳቱን ያባብሰዋል። ከአጠገባቸው ሳይለዩ እርዳታ መጥራትና ነርሷ እስክትመረምራቸው መጠበቅ ነው።

አገር ቤት ሲስተር የነበሩ ሰዎች ደግሞ የባሰ ፈተና አለባቸው፤ ስለ ደም ግፊት ሲጠየቁ እጃቸው ወደ መድኃኒቱ ይሄዳል። የቀድሞ ሙያን መደበቅ አያስፈልግም። የስቴቱ የነርስነት ፈቃድ እስኪገኝ ግን የረዳት ነርስ ድርሻ ግፊቱን ለክቶ ለነርሷ መናገር እንደሆነ በግልጽ ማለት ያስቀጥራል።

«በዚህ እንግሊዝኛዬ ማን ይቀጥረኛል?» አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ቢባልም፣ እዚህ የሚፈለገው አንደበተ ርቱዕ አይደለም። «የቀኝ ተረከዛቸው ቀልቷል፤ ስጫነው አይነጣም፤ ምሳቸውንም ግማሹን ትተውታል» ብሎ ለነርሷ በአጭሩ ማስረዳት የሚችል ሰው ዋናውን ችሏል። ቤት ውስጥ መለማመድም እንዲህ ያለውን ነው።

«ግሪን ካርድ ካላሳየህ አይቀጥሩህም።» የመሥራት ፈቃድ እንዳለህ መጠየቅ ይችላሉ። ተቀባይነት ካላቸው ሰነዶች የትኛውን እንደምታቀርብ የምትመርጠው ግን አንተ ነህ።

«የሥልጠናው ወጪ ሁልጊዜ የሠልጣኙ ነው።» በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ረዳት ነርስ ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥን ያዛል። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ከሚባሉት የመንግሥት የጤና መድኖች ጋር የሚሠራ መንከባከቢያ የቀጠረውን ወይም ሥራ ቃል የገባለትን ሠልጣኝ ማስከፈል አይችልም። ከኪሱ ከፍሎ የሠለጠነ ሰውም ሥልጠናውን በጨረሰ በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ባለ ቦታ ከተቀጠረ፣ በሥራው ላይ በቆየበት መጠን ገንዘቡ የሚመለስበት ደንብ አለ። ይህን ሳይጠይቁ የሚፈርሙ ብዙ ናቸው።

«ጥያቄ አለህ ሲሉህ የለኝም በል፤ ትሕትና ነው።» እኔ ይህን አጉል ይሉኝታ እለዋለሁ። በቀንና በሌሊት ፈረቃ አንድ ረዳት ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ በማንሻ ማሽን ሰው ሲነሳ ሁለት ሠራተኛ እንደሚመደብ ወይም እንደማይመደብ መጠየቅ ነውር የለውም። ከዚያ በፊትም የሜዲኬርን ድረ ገጽ ማየት ነው፤ ከእነዚህ መድኖች ጋር ለሚሠሩ መንከባከቢያዎች ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል፤ ምን ያህል ሠራተኛ እንደሚለቅባቸውም ያሳያል። ኃላፊዋ ጥያቄውን ካድበሰበሰችው፣ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ቆም ብሎ የጥሪ ደወሉ መልስ ሳያገኝ እስከ መቼ እንደሚጮኽ ማዳመጥ ነው።