ሳርኮፔኒያ ምንድን ነው? ከ60 ዓመት በኋላ የውፍረት ቀዶ ሕክምና ላደረጉ ወላጆች

ሳርኮፔኒያ ጡንቻ ከዕድሜ ጋር እየሳሳና ጉልበቱን እያጣ ሲሄድ የሚመጣ የጤና ችግር ነው። ማንኛውም አረጋዊ ላይ ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላነሳው የፈለግሁት ግን 60 ካለፋቸው በኋላ ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ያሳነሱ ሰዎችን ነው፤ እነሱ ላይ በደስታ መሃል ሳይታይ ይገባልና። ሚዛኑ በየሳምንቱ ይወርዳል፣ ስኳሩ ይስተካከላል፣ የጉልበት ሕመሙ ይቀልላል፣ ቤተሰቡ «ተመስገን» ይላል። በዚያው ሰሞን እማማ ከሶፋ ለመነሳት የሰው እጅ መፈለግ ይጀምራሉ። ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ይቆማሉ። ልጆቻቸውም «ገና ከኦፕራሲዮን መውጣታቸው ነው» ብለው ያልፉታል። አንዳንዴ እውነትም ድካም ብቻ ነው። አንዳንዴ ግን ከስቡ ጋር ጡንቻውም እየሄደ ነው፤ ይህን ደግሞ ሚዛን አይለይም። 10 ኪሎ ቀነሱ ይላል እንጂ ከምኑ እንደቀነሱ አይናገርም።

ጥሩው ነገር፣ ለመጠርጠር የሚያስችለው ፈተና ቤት ውስጥ ይሠራል። የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሻሻሉት መመሪያ መሠረት መጀመሪያ የሚታየው የጡንቻው ብዛት ሳይሆን ጉልበቱ ነው። ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ሳይደገፉ 5 ጊዜ ይነሳሉ። ይህ ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ክሊኒክ ውስጥ የእጅ ጭብጥ በመሣሪያ ይለካል፤ ወንድ ከ27 ኪሎ፣ ሴት ከ16 ኪሎ በታች ከጨበጡ ጡንቻው ደክሟል ይባላል። የጡንቻው መጠን ማነሱን ደግሞ ዴክሳ የሚባለው የራጅ ምርመራ ያረጋግጣል። የወንበሩን ፈተና ስትሞክሩ ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ፣ አንድ ሰውም አጠገባቸው ይቁም። ጉልበታቸው በአርትራይተስ የተጎዳ ከሆነ ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል ያንንም ለሐኪሙ ንገሩ። ከሁሉ የሚሻለው ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንዴ ለክቶ መመዝገብ ነው፤ በኋላ የሚነጻጸረው ከራሳቸው ጋር ይሆናል።

አሁን ቀዶ ሕክምናው ጡንቻን የሚነካበት ምክንያት ላይ እንምጣ። በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። ስሊቭ በሚባለው ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ይቀራል። ባይፓስ በሚባለው ደግሞ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትለይና ዝቅ ብሎ ካለው ትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፤ ምግብ አብዛኛውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል። በሁለቱም ሰው በጥቂት ጉርሻ ይጠግባል፣ ረሃቡም ይቀንሳል። ሰውነት የጎደለውን ኃይል ከራሱ ጎተራ ያወጣል፤ የሚያወጣው ግን ስብ ብቻ አይደለም። ከሚቀንሰው ክብደት ውስጥ በአማካይ ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ የሚሆነው ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍል ነው፤ ውሃም ጡንቻም አለበት። 30 ኪሎ የቀነሰ ሰው ስድስት ሰባት ኪሎው ከዚያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የተወሰነው የሚጠበቅ ነው፤ ከባድ ሰውነት ለመሸከም የበዛ ጡንቻ አሁን ያን ያህል አያስፈልግም። አብዛኛው የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የ35 ዓመት ሰው ይህን ይችለዋል። የ67 ዓመት ሰው ግን ገና ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለዓመታት ጡንቻ ሲቀንስባቸው ቆይተዋል። በዚያ ላይ ያረጀ ጡንቻ ለምግብ ቶሎ አይታዘዝም፤ ለወጣት በአንድ ማዕድ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲበቃ፣ ለአረጋዊ ከ25 እስከ 30 ግራም ይፈለጋል። ጨጓራው ጠቦ ፍላጎቱ ጨመረ፤ ጭንቁ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ቀዶ ሕክምናውን ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም አቀፍና የአሜሪካ የዘርፉ ማኅበራት በጋራ ያወጡት መመሪያ ለዕድሜ የላይኛ ጣሪያ የለውም፤ መታየት ያለበት የሰውየው አቅምና ሌላ በሽታቸው ነው ይላል። ትክክል ይመስለኛል። ስኳርና ደም ግፊት ያደከማቸው ሰው በ66 ዓመታቸው ቀለል ብሏቸው መራመድ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ቤታችን ውስጥ በፍቅር የምናደርገው ነው።

የታመመ ሰው ሲመጣ እኛ ዘንድ ምን ይቀርባል? መረቅ። አጥሚት። «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» እየተባለ የሚጎረስ እንጀራ። መረቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈሳሽ በመሆኑ ይጠቅማል፤ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሥጋው ድስት ውስጥ ቀርቶ ውሃውን ጠጥተው ጠነከሩ ማለት አይቻልም። አጥሚት ማር ወይም ስኳር ከገባበት፣ በተለይ ባይፓስ ላደረጉ ሰዎች፣ ቶሎ ወደ አንጀት ወርዶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ ሆድ ያስኬዳል፤ ዳምፒንግ የሚሉት ይህን ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ የደም ስኳር ወርዶ ሊያንቀጠቅጥና ሊያዞር ይችላል። ለወጣት ይህ የምቾት ችግር ነው፤ ለአረጋዊ ወድቆ ዳሌ መሰበር ሊሆን ይችላል። እንጀራም ክፉ ሆኖ ሳይሆን ጠባቧን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ ነው ችግሩ።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ፕሮቲኑ ይቅደም። መመሪያዎች ቢያንስ በቀን 60 ግራም ይላሉ፤ ለአንዳንዱ ሰው ከዚያ በላይ፣ ለቁመታቸው በሚገባው ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ እስከ 1.5 ግራም። ኩላሊታቸው የታመመ ከሆነ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። ወደ ማዕዳችን ስናመጣው፦ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ሥጋ 30 ይሰጣል። 60 ግራም ቀላል ቁጥር ይመስላል፤ በአንድ ጊዜ ከቡና ስኒ ብዙም የማይበልጥ መብላት ለማይችል ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሥራ ነው። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ ስለሚፈቀድ ያለ ፕሮቲን ዱቄት የሚሞላ አይደለም። ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሌለበትን ወይም የአኩሪ አተር ወተት ይጠቀሙ። ቀጥሎ የተፈጨ ምግብ ሲፈቀድ የእኛ ማዕድ ጥሩ ነው፤ ዘይትና በርበሬ ያልበዛበት ቀጭን ሽሮ፣ የተፈጨ ምስር፣ ለስላሳ አይብ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙዎች ወደ መደበኛ ምግብ ይመለሳሉ፤ ያኔ ዶሮ ወጥ ከቀረበ እንቁላሉና ሥጋው መጀመሪያ፣ እንጀራው መጨረሻ። በምግብ መሃል ውሃ አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅና በትንሽ በትንሹ እየተጎነጩ በቀን ሊትር ተኩል ማድረስ ነው። አረጋውያን ጥም ቶሎ ስለማይሰማቸው «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» የሚለው አይሠራም።

ጾምን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ እናት ለመብላት የሚቀራቸው ጊዜ ጥቂት ነው፤ በዚያች ጊዜ ይህች ትንሽ ጨጓራ 60 ግራም ፕሮቲንና ሊትር ተኩል ውሃ አትችልም። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ማድረግ ጡንቻን መስጠት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች፤ ግን ልጅ ሲከራከራቸው እሺ የማይሉ እናት የንስሐ አባታቸው ሲነግሯቸው ይቀበላሉ። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙ የሰጠውን ምክር ይዛችሁ ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለጸሎት የሚሆን ጊዜ አልጎደለባቸውም፤ ጾሙ ሰዓቱን ትቶ በምግቡ ዓይነት ብቻ ቢጠበቅ እንኳ በምስር፣ በሽምብራ፣ በአኩሪ አተር ወተትና ከእሱ በሚሠራ የፕሮቲን ዱቄት መሙላት ይቻላል። በረመዳንም ያው ነው፤ የታመመ ሰው ተፈቅዶለታል፣ ውሳኔው ግን ከሐኪሙና ከሚያምኗቸው ሼህ ጋር ይሁን።

ሁለተኛው የፍቅር ስህተት «አይነሱ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ» ማለት ነው። የሆስፒታል ነርሶች በቀዶ ሕክምናው ዕለት ሰው የሚያስነሱት ለጭካኔ አይደለም፤ በእግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ነው። ለጡንቻም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደርጎ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ ጡንቻ አጥተዋል። በቂ የሚባለውን ፕሮቲን እየበሉ ነው ይህ የሆነው፤ ቀዶ ሕክምናም አልተደረገላቸውም። እማማ ሻይ ሲፈልጉ ተነስተው ወጥ ቤት ይሂዱ። አብራችሁ ሂዱ፣ ግን ይሂዱ።

የእግር ጉዞ ጥሩ ነው፤ ለጡንቻ ግን ብቻውን አይበቃም። «ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ» የሚለው ልብን ይጠቅማል፤ ጡንቻ የሚጠብቀው ክብደት ሲገፋና ሲጎትት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ በውፍረት የተቸገሩ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በአመጋገብ ክብደት ሲቀንሱ ጉዞንና ክብደት ማንሳትን አጣምረው የሠሩት በዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ከሁሉ የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል፤ እንደ ጉዞ ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ የሠሩት ደግሞ ይበልጥ ጡንቻ አጥተዋል። ያ ጥናት ቀዶ ሕክምና የለበትም፤ የጡንቻው ጠባይ ግን አይለወጥም። ቁስሉ እስኪድንና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ከባድ ነገር አይነሳም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ነው። ከዚያ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከወንበር መነሳት መቀመጥ፣ በላስቲክ መጎተት፣ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ማንሳት፣ ወጥ ቤት መደርደሪያ ይዞ በእግር ጣት መቆም ይቻላል። ፊዚዮቴራፒስት ማግኘት የሚችል ሰው ከሐኪሙ የማስተላለፊያ ወረቀት ይጠይቅ። ብዙ ሰው ይህን የማያገኘው ስላልጠየቀ ነው።

አጥንትም ከጡንቻ ጋር ይሄዳል፣ በተለይ ከባይፓስ በኋላ። ካልሲየም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ተከፋፍሎ፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12፣ አይረንና ሙሉ ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ፤ «አሁን ደህና ነኝ» ተብሎ አይቆምም። ካልሲየምና አይረን አብረው አይዋጡም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። አይረን ከቡናና ከሻይም መራቅ አለበት፤ እኛ ቤት ይህ ቀላል ማሳሰቢያ አይደለም።

ድክመት ሁሉ የጡንቻ አይደለም። ክብደት ሲቀንስ የድሮው የግፊት ክኒን፣ ሽንት የሚያሸናው መድኃኒትና ኢንሱሊን ይበዛባቸዋል፤ ሲነሱ ዓይናቸው የሚጨልመው፣ የሚወድቁት ከዚያ ሊሆን ይችላል። ልካቸውን የሚቀንሰው ሐኪም ነው፤ ቤተሰብ የሚያደርገው ግፊቱንና ስኳሩን እየለኩ መዝግቦ መደወል ነው። ለጉልበት ሕመም የለመዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፊን በተለይ ባይፓስ ካደረጉ በኋላ ጨጓራ ያቆስላል፤ መሳቢያው ውስጥ ካለ አውጡት።

ጠያቂ ይመጣል፣ «ከሱ እኮ! ምን ነካዎት?» ይላል። በእኛ ዘንድ መክሳት የበሽታ ምልክት ነውና ቃሉ ልብ ይሰብራል፤ አንዳንድ እናቶች በዚህ የተነሳ ከሰው መሸሽ ይጀምራሉ። ከሦስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ፀጉር ሲረግፍ ደግሞ ይብሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይመለሳል። በር ላይ ጠያቂውን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ምን እናምጣ ካሏችሁ ኬክና ጁስ ሳይሆን እንቁላል ወይም ዓሣ ይዘው ቢመጡ ደስ ይላቸዋል በሉ።

አንድ ነገር ግን «ይደክማቸዋል» ተብሎ ለነገ አይተውም። ለቀናት የሚያስመልሳቸው ከሆነ ሰውነት ለብዙ ጊዜ የማያጠራቅመው ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል። ከዚያ በኋላ ብዥታ ወይም ሁለት ሁለት ማየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ከመጣ አንጎል እየተጎዳ ነው፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለባቸው። ጨጓራቸው መሠራቱንና ሲያስመልሳቸው መሰንበቱን ገና በር ላይ ተናገሩ። እንዲህ ላለ ሰው ቢ1 ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ቢሰጥ ጉዳቱን ሊያብሰው ስለሚችል፣ ቢ1 እንዲሰጣቸው ለመጠየቅ አትፍሩ።