የሲጋር ሳጥን ጊታር፦ ታሪኩና አሠራሩ

የሲጋር ሳጥን ጊታር ማለት ገላው ከባዶ የሲጋር ሳጥን፣ አንገቱ ከአንድ ቀጥ ያለ ጣውላ የሚበጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክር ያለው፣ ሰው በቤቱ የሚሠራው ጊታር ነው። ሲጋር የምለው በየሱቁ በፍሬ የሚሸጠውን ሲጋራ አይደለም፤ ከትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለውን ወፍራሙን ነው። የሲጋራ ፓኬት ወረቀት ነውና ጊታር አይወጣውም። የሲጋር ሳጥን ግን ግድግዳው ስስ እንጨት፣ ክዳኑ በማጠፊያ የሚከፈት፣ ውስጡ ባዶ ነው። በጣት ኳ ኳ ቢያደርጉት ይመልሳል።

መሣሪያው የተወለደው አሜሪካ ነው። ፈልሳፊው እገሌ ነው የሚባል ሰው የለም። ያዋለደው የግብር ሕግ ነው ቢባል ግን ከእውነት ብዙም አይርቅም። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲጋር የሚጓጓዘው በትልልቅ ሣጥንና በበርሜል ነበር። ከ1840ዎቹ ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃያም ሃምሳም የሚይዙ ትንንሽ ሳጥኖች እየተለመዱ መጡ። በ1860ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነቱ ገንዘብ ሲበላ፣ የፌዴራል መንግሥቱ ትምባሆ ላይ ግብር ጣለና ሲጋር በሳጥን ታሽጎ፣ የግብር ቴምብር ተለጥፎበት እንዲሸጥ አዘዘ። ሳጥኑ ሲከፈት ቴምብሩ መቀደድ ነበረበት። ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያም ዕቃውን ዳግመኛ ለሲጋር መጠቀም እንደሚያስቀጣ ይናገር ነበር። ሃምሳ ሲጋር አልቆ ሳጥኑ ጤነኛ ሆኖ ሲቀር፣ ሕጉ ወደ ሲጋር ፋብሪካ እንዳይመለስ ከለከለው። በዚህም የተነሳ በየቤቱ የአዝራር፣ የምስማር፣ የደብዳቤ ማስቀመጫ ሆነ። ልጆች እጅ የገባው ደግሞ ሌላ ዕጣ ደረሰው።

እንጨቱም ረድቷል። ለጥሩ ሲጋር የሚመረጠው ሳጥን «የስፔን ዝግባ» ከሚባል እንጨት ይሠራል። ስሙ ያሳስታል፤ ዝግባም አይደለም፣ ከስፔንም አልመጣም። የማሆጋኒ ዘመድ የሆነ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው። ለሲጋር የተመረጠው እርጥበት ስለሚያመጣጥንና ነፍሳት ስለማይወዱት ነው። ቀላልና ደረቅ በመሆኑ ድምፅም ያስተላልፋል፤ ይህን ግን ሲጋር ነጋዴው አስቦበት አላደረገውም።

ካሉት የቆዩ ማስረጃዎች አንዱ ሥዕል ነው። ጦርነቱን ለጋዜጣ እየተከታተለ የሣለው ኤድዊን ፎርብስ በ1876 ባወጣው ሥራ ላይ በጦር ሰፈር ያሉ ሁለት ወታደሮች ይታያሉ። አንደኛው ቫዮሊን ይጫወታል፤ የቫዮሊኑ ገላ የሲጋር ሳጥን ሲሆን «ፊጋሮ» የሚለው የሲጋሩ ስም ላዩ ላይ ይነበባል። በ1880ዎቹ ደግሞ ኋላ የአሜሪካን ቦይስካውት በ1910 ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ዳንኤል ካርተር ቢርድ፣ ከሲጋር ሳጥን ባለ አምስት ክር ባንጆ (የጊታር ዘመድ ነው) እንዴት እንደሚሠራ ለልጆች በጽሑፍና በሥዕል አሳተመ። እንግዲህ ያኔ ነገሩ የድኻ ብቻ አልነበረም፤ የመካከለኛው መደብ ልጅም የሚዝናናበት የእጅ ሥራ ነበር።

ታሪኩ ሥጋና ደም የሚያገኘው ግን በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች፣ የጥጥ እርሻ ላይ በሚኖሩ ጢሰኞች ቤት ነው። በ1912 ገደማ ቴክሳስ የተወለደው ጥቁሩ የብሉዝ (የደቡብ ጥቁሮች ዘፈን) ጊታር መቺ ላይትኒን ሆፕኪንስ የመጀመሪያ ጊታሩን በስምንት ዓመቱ ገደማ ራሱ ሠራ፦ ሳጥኑን መሃሉን በሳ፣ ጣውላ ቸነከረበት፣ ክሩን ደግሞ ከወንፊት ሽቦ መዘዘ። ሌላው ጥቁር የብሉዝ ዘፋኝ ቢግ ቢል ብሩንዚ በልጅነቱ ከሳጥኑ የሠራው ቫዮሊን ነበር። ኋላ የሮክ ዘፋኝ ለሆነው ለካርል ፐርኪንስ፣ ለቴነሲው ነጭ ጢሰኛ ልጅ፣ ደግሞ አባቱ ሳጥንና የመጥረጊያ እንጨት አጋጥሞ ሠራለት፤ ችግሩ ቀለም አልመረጠም። የኤሌክትሪክ ጊታርን ወደ ጃዝ ፊት መስመር ያመጣው ቻርሊ ክርስቲያንም በኦክላሆማ ሲቲ ተማሪ ሳለ ጓደኞቹን ያስደንቅ የነበረው ከሲጋር ሳጥን በሠራው ጊታር እንደነበር ደራሲው ራልፍ ኤሊሰን ጽፏል።

ከዚህም የባሰ ድኻ መሣሪያ ነበር። ዲድሊ ቦው የሚሉት ነው፤ ከመጥረጊያ ላይ የተፈታ ሽቦ በቤቱ ግድግዳ ላይ በሁለት ምስማር ይወጠራል፣ ከሥሩ ጠርሙስ ይሸጎጣል፣ አንዱ እጅ ሽቦውን ሲመታ ሌላው በጠርሙስ ስባሪ ያንሸራትታል። ገላው ቤቱ ራሱ ነው። ተመራማሪዎች ዘሩን ወደ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ባለ አንድ ክር መሣሪያዎች ይመልሱታል። ቦ ዲድሊ የተባለው ሙዚቀኛ በ1958 ግሬች ኩባንያ የሠራለትን አራት ማዕዘን ጊታር ይዞ መድረክ ሲወጣ፣ የሲጋር ሳጥን ቅርጽ ከነኤሌክትሪኩ ሕዝብ ፊት ቆመ ማለት ይቻላል።

አሠራሩን የሚያቀለው አንድ ብልሃት ነው፦ አንገቱ ሳጥኑን ሰንጥቆ ያልፋል። ፋብሪካ በሚሠራው ጊታር ላይ አንገትና ገላ የሚገናኙበት መጋጠሚያ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የክሮቹ ጉተታ ዕድሜ ልኩን ይፈትነዋል። እዚህ ግን ዱላው ከራስ እስከ ጭራ አንድ ወጥ ስለሆነ ክሮቹ የሚጎትቱት ዱላውን ብቻ ነው። ሳጥኑ ከመጮህ በቀር ሸክም የለበትም። ማሲንቆ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም፤ የማሲንቆም እንጨት አራት ማዕዘኑን ገላ ከላይ ወደ ታች በስቶ ነው የሚወጣው።

ለአንገት አሜሪካኖቹ ሜፕል፣ ኦክ ወይም ፖፕላር ይመርጣሉ፤ ጠንካራ፣ ደረቅና ያልጠመመ እንጨት ሁሉ ይሆናል። የተለመደው መጠን 19 በ38 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። በሳጥኑ ሁለት ጎኖች ላይ፣ ከክዳኑ ጠርዝ ጀምሮ፣ እንጨቱ ልክክ ብሎ የሚገባበት ቦታ በመጋዝ ይከፈታል። ከዚያ ብዙ ጀማሪ የሚዘለው ሥራ ይመጣል፦ ክዳኑ ሥር የሚያልፈውን የዱላውን ክፍል ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ መላግ። ክዳኑ የሚጮኸው መርገብገብ ሲችል ነው፤ እንጨት ከተደገፈበት ዝም ይላል። እኔ የመጀመሪያውን የሠራሁት አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ካልሲ ሞልቶ ባመጣልኝ ሳጥን ነበር። ይጠንክር ብዬ ዱላውን በሙሉ ክዳኑ ላይ በኮላ ለጠፍኩት። ክሩን ስመታው በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስል ነበር። ኮላው ከደረቀ በኋላ ማስለቀቅ ሳጥኑን መሰንጠቅ ስለሆነ፣ ያ ሳጥን ወደ ካልሲው ተመለሰ።

የራስጌው ክፍል ከአንገቱ ፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ ያለውን ማረፊያቸውን አልፈው ወደ መቃኛዎቹ ሲወርዱ እንዲጫኑት ነው። ማረፊያውም ክዳኑ ላይ የሚቆመው ብሪጅም (የበገና ሰዎች ብርኩማ የሚሉት) ብዙ ጊዜ ተራ ብሎን ነው። የብሎኑ ጥርስ ክሩን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ብሪጁ አይለጠፍም፣ አይቸነከርም፤ የክሮቹ ጫና ብቻ ያቆመዋል። ከጭራው በኩል ክሮቹ በተበሳው ዱላ ውስጥ ያልፋሉ፣ አለዚያም የበር ማጠፊያ ተመቶ እሱ ላይ ይታሰራሉ። የድምፅ ቀዳዳ የግድ አይደለም። የሚወዱት ሰዎች ግን ክዳኑን በስተው የመታጠቢያ ገንዳ ማጥለያ ይገጥሙበታል፤ ብዙ ቦታ ያየሁት ጌጥ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ያምርበታል።

ፍሬት (ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚለዩትን፣ አንገቱ ላይ አግድም የሚገቡትን የብረት ዘንጎች) መግጠም የሚፈልግ ሰው ከማረፊያው እስከ ብሪጁ ያለውን ርዝመት ለ17.817 ያካፍላል፤ የመጀመሪያው ፍሬት እዚያ ይገባል። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለዚያው ቁጥር ያካፍላል፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። በተለመደው 635 ሚሊ ሜትር ርዝመት የመጀመሪያው 35.6፣ ሁለተኛው 69.3 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል። አሥራ ሁለተኛው ልክ እኩሌታው ላይ፣ 317.5 ካልወደቀ፣ ስሌቱ አንድ ቦታ ተሳስቷል። ብዙዎቹ ግን ፍሬት ጨርሶ አይገጥሙም። ቦታውን በእርሳስ ወይም በማቃጠያ ብቻ ምልክት አድርገው፣ ጣታቸው ላይ የጠርሙስ አንገት ወይም የብረት ቱቦ አጥልቀው ያንሸራትታሉ። ቱቦው እንጨቱን ሳይነካ ክሩን ብቻ እየዳሰሰ ከምልክቱ ትክክል አናት ላይ ሲቆም ነው ድምፁ የሚገጥመው።

ክሮቹ ከሱቅ የሚገዛው የተራ አኩስቲክ ጊታር ክር ናቸው፤ አምስተኛው፣ አራተኛውና ሦስተኛው ይወሰዳሉ። ቅኝታቸው ሶል፣ ሬ፣ ሶል ነው። አራተኛውና ሦስተኛው ባሉበት ይቀራሉ፣ አምስተኛው ከላ ወደ ሶል ይወርዳል። በዚህ ቅኝት ውስጥ ሜጀርን (ደስ የሚለውን) ከማይነር (ከሚያሳዝነው) የሚለየው ሦስተኛው ድምፅ የለም። ስለዚህ አንድ ጣት ሦስቱን ክሮች አግድም ቢጫናቸው የትም ቦታ ላይ ኮርድ (አብረው የሚገጥሙ ድምፆች) ይሆናል፣ ዘፋኙ ደስታም ኀዘንም ቢዘፍን ኮርዱ አይጣላውም። ጊታር ነክቶ የማያውቅ ሰው ከሰዓት በኋላ ሠርቶ ማታ አንድ ነገር መጫወት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤሌክትሪክ ማድረግም አይከብድም። በማንቂያ ሰዓትና ዘፈን በሚዘፍን የልደት ካርድ ውስጥ ያለችው ክብ የፒዬዞ ቅጠል (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ) ክዳኑ ሥር ትለጠፋለች፤ ሁለት ሽቦ በስታኞ ተበይዶ ከ6.35 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ጋር ይገናኛል። ፒዬዞ ግን ሁሉን ይሰማል፦ የጥፍር ጭረት፣ የእጅጌ ቁልፍ ሳጥኑን ሲነካ፣ ሁሉም በድምፅ ማጉያው ይወጣል። ቅጠሏን በጎማ ወይም በትኩስ ኮላ ማፈን የተለመደው መድኃኒት ነው።

ርካሽ የፋብሪካ ጊታር በፖስታ ታዝዞ ገጠር መድረስ ሲጀምር የሳጥኑ ጊታር ከጨዋታ እየወጣ ሄደ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት መልሶ ብቅ አለና ደግሞ ተረሳ። ያሁኑ ትንሣኤው የመጣው ከ1990ዎቹ ወዲህ፣ በኢንተርኔት ንድፍ በሚለዋወጡ ሰዎች ነው። በ2012 የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ኒርቫና የተባለው የሮክ ቡድን አባላት ከነበሩት ጋር ኒው ዮርክ መድረክ ላይ የሲጋር ሳጥን ጊታር ይዞ ሲጫወት የመሣሪያውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሁሉ አየው። ዛሬ ሳጥኑ፣ አንገቱ፣ ብሎኑ ሳይቀር ተሟልቶ በፓኬት ይሸጣል። እኔ ይህን አልወደውም። ያለቀለት ጊታር ከሚያወጣው በላይ ከፍሎ የድኻ ጊታር መግዛት ትንሽ ያስቃል፤ ደግሞ በፓኬት የመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፣ የቤት ሠሪው ጊታር ግን ሁለት ጊዜ አይመሳሰልም።

የሳጥኑ ጊታር ዘመዶች አፍሪካ ውስጥ ብዙ ናቸው። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ አካባቢ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኮይኮይዎች በ18ኛው መቶ ዘመን ከቅል ይሠሩት የነበረው ራምኪ ኋላ ገላው የዘይት ቆርቆሮ ሆኗል። የማዳጋስካሩ ካቦሲ ደግሞ ራሱ ሳጥን ነው፤ ፍሬቶቹም አንዳንዶቹ አንገቱን ተሻግረው አይደርሱም። እኛም ጋ ጣሳ ላይ ሽቦ ወጥሮ ክራር ያላለ ልጅ ጥቂት ነው።

ሁለተኛውን ጊታሬን ስሠራ ፍሬቱን ተውኩትና ሜጀር ትዝታን የሚሰጡትን ቦታዎች ብቻ በእርሳስ አሰመርኩ፦ 69.3፣ 131፣ 211.2፣ 257.4 እና 317.5 ሚሊ ሜትር። ቱቦውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግሩት በመሃል የሚያልፈው ለቅሶ ግን የትኛውም መስመር ላይ የለም። ማሲንቆ የሚጫወት ጎረቤቴ መስመሮቹን አይቶ ሳቀ፣ ቱቦውን አስቀምጦ ክሩን በባዶ ጣቱ ይዞ ተጫወተበት።