ሴፍትሪያክሶን በመሀል አዲስ አበባ፦ ከመድኃኒት ቤት እስከ መርፌ ክፍል

ሴፍትሪያክሶን በመርፌ ብቻ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሲሆን፣ ሴፋሎስፖሪን ከተባለው የአንቲባዮቲክ ቤተሰብ ሦስተኛው ትውልድ ውስጥ ይመደባል። የስዊዘርላንዱ ሆፍማን ላ ሮሽ ሠርቶት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሮሴፊን በሚል የንግድ ስም ለሕክምና ውሏል፤ ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ያመርቱታል። ከጥቁር አንበሳ፣ ከዘውዲቱና ከየካቲት 12 ሆስፒታሎች ጀምሮ አንዲት የመርፌ ክፍል ብቻ እስካለችው የሰፈር ክሊኒክ ድረስ ይህን መድኃኒት የማያውቅ የጤና ባለሙያ አይገኝም። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይገድላል፣ ለአብዛኛው ሕመምም በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። በጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንሰው ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው አልጋ ሳይዝ ከቤቱ እየተመላለሰ መወጋት ይችላል። ያለቦታው የሚታዘዘውም ባብዛኛው በዚሁ ምቾቱ የተነሳ ነው።

ቦታው የት ነው ቢባል፦ ማጅራት ገትር፣ ሆስፒታል የሚያስተኛ የሳንባ ምች፣ የደም መመረዝ፣ ከትኩሳትና ከብርድ ጋር የሚመጣ የኩላሊት ኢንፌክሽን፣ በምርመራ የተረጋገጠ ከባድ ታይፎይድ። ጉንፋን ላይ ምንም አይሠራም። ባክቴሪያ ሆነውም የማይነካቸው አሉ፤ ሱዶሞናስ፣ ኢንቴሮኮከስ፣ ሊስቴሪያና ሜቲሲሊንን የተላመደው ስታፊሎኮከስ ዋነኞቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲከፍል ሴፍትሪያክሶንን ያስቀመጠው ባክቴሪያ በቶሎ ይላመዳቸዋል ተብለው በጥንቃቄ ሊሰጡ ከሚገባቸው መሀል ነው። በከተማችን ትልቁ ፈተና «ታይፎይድ አለብህ» የሚባለው ነገር ነው። ቪዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ አንድ ውጤት ብቻውን ብዙም አያስረዳም፤ ድሮ የታመመም ሆነ በሌላ ኢንፌክሽን የተያዘ ሰው «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። አስተማማኙ የደም ካልቸር፣ ማለትም ከደም ናሙና ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ ነው፤ ናሙናውም መወሰድ ያለበት ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ነው። ማጅራት ገትር ሲጠረጠር ግን ናሙና እስኪገኝ ተብሎ መርፌው አይዘገይም።

የተለመደው የአዋቂ መጠን በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም ነው። ለማጅራት ገትር 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል፤ በቀን ከ4 ግራም አይበልጥም። ለልጆች በቀን በኪሎ ከ50 እስከ 75 ሚሊ ግራም፣ ለማጅራት ገትር 100 ሚሊ ግራም በኪሎ ተሰልቶ ይሰጣል። ስለዚህ ልጁ በዚያው ቀን ሚዛን ላይ ይውጣ፤ እናት «አሥራ አራት ኪሎ ገደማ» ያለችው አይበቃም። መድኃኒቱ በኩላሊትም በሐሞትም ስለሚወጣ ኩላሊቱ ብቻ ለደከመ ሰው መጠኑን መቀነስ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ጉበትና ኩላሊት አብረው ሲደክሙ ነው ሐኪሙ ቆም ብሎ የሚያስበው።

ቫያሉ፣ ማለትም ዱቄቱን የያዘው ትንሽ ጠርሙስ፣ ከመድኃኒት ቤት ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው የማብቂያ ጊዜው ነው። እዚህ ላይ የእኛ ብቻ የሆነ ስህተት አለ። 06/2024 ተብሎ የታተመበት ቫያል በሰኔ 2016 ጊዜው አልፎበታል፤ በራሳችን አቆጣጠር የሚያነበው ሰው ግን ገና ዓመታት የሚቀሩት ይመስለዋል። ቀጥሎ የሚታየው ሣጥኑ ውስጥ ከቫያሉ ጋር የመጣው ብልቃጥ ነው። አንዳንዱ ለመርፌ የሚሆን ውኃ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሊዶካይን የተባለውን ማደንዘዣ ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም እንደ ውኃ የጠሩ ናቸው። ጽሑፉን ሳያነቡ መቅዳት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በሊዶካይን የተበጠበጠ ሴፍትሪያክሶን ለጡንቻ እንጂ ለደም ሥር አይሰጥም። በደም ሥር ከገባ ልብን ሊያዛባና ሰውን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ለደም ሥር 1 ግራሙ በ9.6 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። ዱቄቱም ቦታ ስለሚይዝ ድምሩ 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በአንዱ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ቀለሙ ከነጣ ቢጫ እስከ ማር መሰል ሊሆን ይችላል፣ ይህ አያስደነግጥም። የሚንሳፈፍ ነገር ከታየ ግን ይጣላል። 14 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በኪሎ 50 ከታዘዘላት 700 ሚሊ ግራም ነው፤ ከቫያሉ 7 ሚሊ ሊትር ብቻ ይቀዳል። ቀሪውን ለነገ ብሎ ቤት ይዞ መሄድ አይገባም፤ ከተከፈተ በኋላ ጀርም ይገባበታል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል።

ለጡንቻ ደግሞ 1 ግራሙ በ3.6 ሚሊ ሊትር የ1 በመቶ ሊዶካይን ይበጠበጥና 4 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ያለ ሊዶካይን ሕመሙ ከባድ ነው፤ ለሊዶካይን አለርጂ ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ይናገር። በአንድ ቦታ ከ1 ግራም በላይ አይወጋም። መቀመጫ ላይ ከሆነ ከላይ ወደ ውጭ ያለው ሩብ ብቻ ነው የሚመረጠው። መርፌው ወደ መሀል ከሳተ ትልቁን የእግር ነርቭ ሊነካና ሰውየው እግሩን እየጎተተ ሊቀር ይችላል።

በደም ሥር ሲሰጥ ትልቁ ጠላት ጥድፊያ ነው። 1 ግራሙ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ባለው ጊዜ በዝግታ ይገፋል፤ 2 ግራም ከሆነ ወደ ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) ተጨምሮ በ30 ደቂቃ ቢንጠባጠብ ይሻላል። ሰዉ ሁሉንም «ግሉኮስ» ይበለው እንጂ፣ የተሰቀለው ከረጢት ምን እንደያዘ ማንበብ ግድ ነው። ሪንገር ላክቴት የተባለው የጉሉኮስ መሰል ፈሳሽ ካልሲየም አለበት፤ ሴፍትሪያክሶን ሲገናኘው ቱቦው ውስጥ ነጭ ደመና የመሰለ ዝቃጭ ይሠራል። በጨቅላ ሕፃናት ሳንባና ኩላሊት ውስጥ ይህ ዝቃጭ ተገኝቶ የሞቱ ስላሉ፣ ከ28 ቀን በታች ያለ ሕፃን ካልሲየም በደም ሥር እየወሰደ ወይም ሊወስድ ከሆነ ይህ መድኃኒት አይሰጠውም። ቢጫ ለሆነ ጨቅላም አይሆንም፤ ቢጫነቱን የሚያመጣውን ቢሊሩቢን ከደም ፕሮቲን ላይ አስለቅቆ አንጎሉን ሊጎዳ ይችላልና። ለእነዚህ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ሴፎታክሲም የተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ይመረጣል። አዋቂ ላይ ሪንገሩ ይቆምና ቱቦው በኖርማል ሳላይን ታጥቦ ነው የሚሰጠው። ቫንኮማይሲን ወይም ጄንታማይሲን ከተባሉት ሌሎች አንቲባዮቲኮች ጋር በአንድ ሲሪንጅ መቀላቀልም አይቻልም።

አለርጂን በተመለከተ፣ ቆዳ ላይ ጠብ አድርጎ አይቶ «ምንም አላለውም» ማለት ዋስትና አይደለም። ከዚያ የሚሻለው ጥያቄ ነው፦ ከዚህ በፊት በፔኒሲሊን ወይም በሌላ መርፌ ፊትህ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮህ፣ ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ለሴፋሎስፖሪን እንዲህ የሆነ ሰው አይወጋም። ፔኒሲሊን ቀለል ያለ ሽፍታ ያመጣበት ሰው ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶንን ይችለዋል፣ ውሳኔው ግን የሐኪሙ ነው። የመጀመሪያውን መርፌ የወሰደ ሰው ቢያንስ 30 ደቂቃ እዚያው ይቀመጥ፤ ታክሲ ውስጥ የሚያጥር ትንፋሽን የሚያክም የለም። ከንፈር ካበጠ፣ ደረት ከጠበበ ወይም የደም ግፊት ከወረደ መርፌው ይቆምና አድሬናሊን ጭን ውጫዊ ጡንቻ ላይ ይወጋል፦ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ካልተሻለ በየ5 ደቂቃው ይደገማል። ሃይድሮኮርቲዞን ቀድሞ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው፤ ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል። አድሬናሊን የሌላት የመርፌ ክፍል ሴፍትሪያክሶን ባትወጋ ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ የሚመጡት ጣጣዎች ባብዛኛው ቀላል ናቸው፦ ተቅማጥ፣ የተወጋበት ቦታ ማበጥ፣ አንዳንዴ በሐሞት ከረጢት ውስጥ አልትራሳውንድ ላይ ጠጠር መስሎ የሚታይና መድኃኒቱ ሲቆም የሚጠፋ ዝቃጭ። ደም ያለበት ወይም የማያባራ ተቅማጥ፣ ድንገት የመጣ የዓይን ቢጫነትና ሽንት መጥቆር ግን ወዲያው ወደ ሐኪም ያስመልሳሉ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የደም መቅጠን ምርመራው ቶሎ ቶሎ ይታይለት።

ስንት ቀን? ለሳንባ ምች ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7፣ ለታይፎይድ ከ10 እስከ 14 ነው። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ሐኪሙ እንደገና ማየት አለበት፦ ትኩሳቱ ወረደ ወይ? መብላትና መዋጥ ተቻለ ወይ? ካልቸሩስ ምን አለ? ሕመሙ የሚፈቅድ ከሆነ የዚያን ጊዜ ወደሚዋጥ መድኃኒት መቀየር ይቻላል፤ «መርፌ ይሻላል» የሚለው እምነት ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠውን ቀጭን ቱቦ) እጅ ላይ ያለምክንያት ያቆየዋል። ካኑላው የገባበት ቦታ ከቀላ፣ ከጠነከረ ወይም ካመመ በዚያው ዕለት ይነቀልና በሌላ በኩል ይገባል። ያገለገለው መርፌ ክዳኑ ሳይመለስበት በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ፣ ማለትም ስለታማ ነገሮች በሚጣሉበት ሣጥን ውስጥ ይጣላል፤ ሣጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል።