«የተወደደ ልጅ ስሙ ብዙ ነው»፦ የኖርዌጂያኖች አባባልና የዘር ቆጠራ

«የተወደደ ልጅ ስሙ ብዙ ነው» ይላሉ ኖርዌጂያኖች። ስዊድኖችም ዴንማርኮችም ይጋሩታል። ፍቺው ለእኛ ሩቅ አይደለም። አያት በራሷ ስም ትጠራዋለች፣ እናት በሌላ፣ የክርስትና ስሙ ደግሞ ለብቻው አለ። የወደደው ሁሉ ስም ያወጣለታል።

ዛሬ ግን አባባሉ ለሰው ብቻ አይደለም። አንድ ነገር በየአካባቢው ሌላ ሌላ ስም ሲኖረው ይነገራል። ኖርዌጂያኖች ከተፈቀፈቀ ድንችና ከዱቄት ተድቦልቡሎ የሚቀቀል ምግብ አላቸው። ሮጋላንድ ውስጥ ስሙ ኮምለ ነው፣ በርገን ራስፐባል፣ ትሮንደላግ ክሉብ፣ ደቡብ ጫፍ ላይ ኮምፐ። ትክክለኛው ስም የቱ ነው የሚል ክርክር ከተነሳ አንዱ ይህችን አባባል ጣል ያደርጋል።

በእኔ እምነት ግን አባባሉ ይበልጥ የሚጠቅመው የኖርዌይ ቤተሰብ ዘሩን ሲቆጥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ የኖረ ላርስ የሚባል የገበሬ ልጅ እናስብ። አባቱ ኡለ ነው። ስለዚህ ላርስ ኡልሰን ይባላል፣ የኡለ ልጅ። እህቱ ኡልስዳተር ናት። ባከን በሚባል እርሻ ስለሚኖሩ ላርስ ኡልሰን ባከን ተብሎ ይመዘገባል። ሃውገን ከሚባል እርሻ ሚስት አግብቶ እዚያው ከገባስ? ባከን ይቀርና ሃውገን ይሆናል። የእርሻው ስም የመኖሪያ አድራሻ ነበርና ሰው ሲዛወር አብሮ ይቀየራል። ልጆቹ ደግሞ ላርሰንና ላርስዳተር ናቸው። ሚስቱ ብታገባም በአባቷ ስም ትቀጥላለች፣ ልክ እንደ እኛ አገር። ወንድማማቾቹ አሜሪካ ከተሻገሩ አንዱ ኡልሰን፣ አንዱ ባከን ብሎ ሊቀር ይችላል። የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ባዳ ይሆናሉ። ሁሉም ሰው ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ሕግ ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው።

እንግዲህ አንድ ስም ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ልፋቱ መና ይቀራል። መያዝ ያለበት እርሻውንና ደብሩን ነው። የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ዲጂታልአርኪቨት በተባለው ድረ ገጹ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችንና የሕዝብ ቆጠራዎችን በነጻ ያሳያል። እ.ኤ.አ. የ1801ዱ ቆጠራ ነዋሪውን በስም፣ በዕድሜና በቤተሰብ ይዘረዝራል። የክርስትና መዝገቡን ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከልጁና ከወላጆቹ ቀጥሎ የክርስትና አባትና እናት ስም አለ። እነዚህ ብዙ ጊዜ አጎት ወይም አክስት ናቸው፣ የመጡበት እርሻም አብሮ ሊጻፍ ይችላል። ላርስ ሃውገን ከመግባቱ በፊት ባከን እንደነበረ የሚጠቁመው ፍንጭ እዚያ ሊገኝ ይችላል። ደብሩን ማወቅ ግን ግድ ነው፤ ሃውገን የሚባል እርሻ ኖርዌይ ውስጥ ሞልቷል።